ወፍራም ፈታይ

ሌባ ጣቴን ባሕር ሰረቀኝ በሌሊት፤
መሃል ጣቴም ሄደ ምስክር ሊሆንለት።
የዊንቹ ሽቦ ጓንቴን ስቦ ገባ፤
ሌባ ሌባን ወስዶ ቀረሁ ያለ ሌባ።
ሠላሳ አንድ ዓመት መረብ የሳብሁበት
ግራ እጄ እነሆ ሦስት ጣት ተረፈለት።

የሱዱሮይ ክረምት የማያባራ ነው፤
ነፋስ መስኮታችንን በጨው የሚያጥበው።
የነሃኑስ መርከብ መብራቷን አብርታ
ከወደቡ ስትወጣ በየማታው ማታ፣
እኔ ከወንበሬ፣ ሻይ ቀዝቅዞ ከፊቴ፣
ባዶ የጓንት ጣት ሳይ ይመሻል በቤቴ።

የእህቴ የኤልስባ ልጅ ማርዩን መጣች፤
ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ጥርሷን ሽቦ አስራለች፤
ባንድ እጇ እንዝርት፣ ባንዱ ከረጢት ይዛለች።
"ትምህርት ቤት ያየሁትን ቁጭ በል ላሳይህ፤
ጓንት ስታይ ብትውል ጣት አይበቅልልህ።"

ሱፉ ቡናማ ነው፣ ቅባት የጠገበ፤
የእርጥብ በግ ሽታ ቤቱን የከበበ።
ከመሃሉ ወጣ የባሕር ወፍ ላባ፤
ማርዩን ከጸጉሯ ሰካችው እንዳበባ።

እንዝርቱን አሾርሁት፤ ሾረና ቆም አለ፤
ወደ ኋላ ዞሮ ያከረርሁትን ጣለ።
ደግሜ አሾርሁት፤ ክሩ ተበጠሰ፤
እንዝርት እግሬ ሥር ወድቆ ውሻ ቀሰቀሰ።
ሦስተኛ። አራተኛ። ክር አይሉት ገመድ፤
ከዚህ የጣት ውፍረት፣ ከዚያ የጸጉር ዘመድ።
"ቀጭን ፈታይ" ይላል ሰው ሙያን ሲያወድስ፤
ወፍራም ፈታይ ሲመጣ ምን ይሉታል እሱስ?

"አጎቴ፣ አታንቀው፤ ዓሣ እኮ አይደለም።
ስትለቀው ነው እሚረዝም፤ ስትጨብጠው አይሆንም።"
ይህን በወደብ ላይ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።
"ያዝ!" ነው የባሕር ቋንቋ፤ "ልቀቅ" ባዩ የለም፤
የለቀቁት ስማቸው ድንጋይ ላይ ነው ዛሬም።

ጣቶቼም የሄዱት ባለመልቀቄ ነው።
ይሄን ግን ለልጅቷ አልነገርኋትም።

ዐይኔን ጨፍኜ አሰብሁ የመርከቡን ገመድ፤
ስንቴ ተበጥሶብኝ በዚያ በውኃ መንገድ
ሦስቱን ዘለላ ፈትቼ መልሼ ስገምድ!
እሱም መክረር ነበር፤ ይሄም መክረር ነው፤
ትልቁን የለመደ ትንሹ ለምን ጨነቀው?

አውራ ጣቴን ላክሁት ወደ ቀለበት ጣት፤
ጎረቤት አልነበሩም፣ ባንድ እጅ የኖሩት።
እንደ አዲስ ሙሽሮች ተፋፈሩ፤
ተገፋፉ፤ ትንሽ ተኳረፉ፤
ከዚያ ሱፉን በመሃላቸው አሳለፉ።

ክሩ አንድ ክንድ ሆነ።
ሁለት።
የሌለው ሌባ ጣቴ አከከኝ፣
እሱም ሊነካው የፈለገ ይመስል።
እንዝርቱ እየሾረ ወረደ፣ ወለሉን ነካ፣
ሳይወድቅ።
ውሻው አንድ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ፤
የሚሰማ ቢያጣ ተመልሶ ተኛ።
ማርዩን ግን አላጨበጨበችም፤
"እንግዲህ ጠቅልለውና ቀጥል" ብላ
ብስኩቴን በላችብኝ።

በየካቲት ልቃቂቴ የድንች ያህል ሆነ፤
ጠማማ፣ እዚህም እዚያም ያበጠ የኮሰመነ።
"ሹራብ አይሠራም" አለች ኤልስባ፣ አገላብጣ አይታ፤
እውነቷን ነው፤ የሚለብሰው ሰው ቢገኝም ለማታ።
ስለዚህ ሦስት አጥፌ ገመድሁት፣ መርከበኛ ነኝና፣
የበጎቹን በር አሰርሁበት፣ ማንጠልጠያው ወልቋልና።

ጸጉሩን የሰጠኝ ያ ቡናማ በግ
በዝናብ መሃል መጣ፤
አፍንጫውን አስጠጋ፤ አሸተተው፤
አላወቀውም።
ዞር ብሎ ሣሩን ጋጠ።

እስከ ፋሲካ ያዘ።
ከዚያ ላላ፤ እኔም ሌላ ፈተልሁ፤
ቀጭን አልለውም፤
ቀጠን ያለ።